የዕርቁ ድንጋይ

ፊታውራሪ አጥናፌ የመንደሩን ምንጭ ከላይ በትልቅ ድንጋይ ገድበው ወደ ራሳቸው አትክልት ካዞሩት ወዲህ፣ ከታች ያሉት ጎረቤታሞች በተረፈችው ጠብታ ዱላ ይማዘዙ ጀመር። በመጨረሻም የአንዲት ምላሰኛ ባልቴት ልጅና የጎረቤቷ ልጅ ተፈነካከቱ።

ማስታረቅ ነፍሳቸው የሆነው ፊታውራሪ ዋርካው ሥር ተሰየሙ። ስለ ሰላም እስኪበቃቸው ተናግረው፣ ሰዉን ፀሐይ አስመትተው ሲያበቁ ወደ ባልቴቷ ዞሩ።

«ጠቡን የጀመረው እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክሞ፣ እግር ላይ ወድቆ ይቅርታ ይጠይቅ። እንቢ ካለ ሁለቱንም በእግር ብረት ነው የማስራቸው! እህስ፣ ልጅሽ ይሸከማል አይሸከምም?»

ባልቴቷ ልጇን አየች፤ የጎረቤቷንም ልጅ አየች። የሁለቱም ከንፈር በውሃ ጥም ተሰነጣጥቋል። ነጠላዋን አደግድጋ ተነሣች።

«ወጉስ ደግ ነው ጌታዬ። ልጄ ግን ድንጋዩን አይችለውም።»

«ዱላ ሲያነሣ ችሎ የለም እንዴ?»

«ጠቡን የጀመረው ድንጋይ እኮ ምንጩ አፍ ላይ ነው ያለው። ያስቀመጡት እርስዎ ነዎት፤ አነሣሡንም የሚያውቁበት እርስዎ ነዎት። እሱን ተሸክመው ይምጡ፤ ውሃው ራሱ ተከትሎዎት ይወርዳል። እኛም ጠጥተን ስናበቃ ይቅር እንልዎታለን።»