የደብሪቱ ዳር

ድሮ ነው ልጆቼ፤ የአያቴ አያት ገና ጥርስ ሳታበቅል። ከዚህ ቁልቁል፣ ገደሉ ሥር፣ ደብሪቱ የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። ባሏ ሞቶባት አንዲት ልጇን አስካለን በጭቃ እጇ አሳድጋ ዳረቻት። ሰው እንስራዋን ይወዳል፤ እሷን ግን ከማዕዱ አያቀርባትም። ሰው እንዲህ ነው።

ከመንደሩ በላይ ምንጭ ነበረ። ከምንጩ ራስ ላይ ትልቅ ሾላ ነበረ። በሾላው ላይ ወፍ ነበረ፤ ወፉም ማሽላ ይበላ ነበር። አንድ ዓመት ወፉ በዛና ሽማግሌዎች ሾላው ይቆረጥ ብለው ፈረዱ። ደብሪቱ ምንጩን አታራቁቱት ብላ ለመነች። የሰማት አልነበረም። ሾላው ወደቀ፤ ወፉ ሄደ፤ ማሽላው ጎተራ ሞላ። ሰዉም ሳቀባት።

ክረምት መጣ። ዝናቡ እንደ ወትሮው ዘነበ። ግን ቅጠል የለ፣ ሥር የለ፤ ውሃው መሬት መግባቱን ትቶ አፈሩን ጠርጎ ወረደ። በበጋ ምንጩ ጠብ ጠብ አለ። ሽማግሌዎቹ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብለው የሾላው ነገር እንዲነሳ አልፈቀዱም። በተከታዩ በጋ ምንጩ ጨርሶ ደረቀ።

የቀረው ውሃ የሩቁ ወንዝ ብቻ ነበር፤ ሰው ዕቃውን ጫነ። አስካለም ሕፃኗን አዝላ ከባሏ ጋር ተነሳች፤ እናቷን አብረን እንሂድ አለቻት። ደብሪቱ የባሏን መቃብር ትታ መሄድ አልሆነላትም።

«ውሃው ሲመለስ ተመለሺ፤ እጠብቅሻለሁ» ብላ ሸኘቻት።

ከዚያ ከደረቀው ምንጭ ራስ ላይ ማሽላ ዘራች። ደረሰ፤ አላጨደችውም። ከወንዝ ማዶ ሾላ ሲለቅሙ የዋሉ ወፎች መጡ፤ በሉ፤ ኩሳቸውን ጣሉ። ሳይሰደድ የቀረ ይግለጡ የሚባል ጎረቤቷ፣ አንቺ እየተራብሽ ወፍ ትቀልቢያለሽ ብሎ ተቆጣት።

«ካልበሉ አይመጡም፤ ካልመጡ ሾላ የሚዘራልኝ የለም» አለችው።

እውነትም ከኩሱ ውስጥ ሾላ በቀለ። ደብሪቱ ውሃ የሚያንጠባጥብ እንስራ ከችግኙ አጠገብ ቀብራ፣ ከወንዝ እየተሸከመች ትሞላለች። ችግኙ ዛፍ ሆነ። ቅጠሉ ረገፈ፤ ቅጠሉ አፈር ሆነ፤ አፈሩ ዝናቡን ያዘ። የእሷ ወገብ ጎበጠ፤ ዓይኗ ፈዘዘ። አንድ በጋ ግን ምንጩ ፈለቀ።

ወሬው ደርሶ አስካለ መጣች። አዝላው የሄደችው ሕፃን ጎረምሳ ሆኖ ከኋላዋ ይከተላል። እናቷ ከምንጩ ዳር፣ ከወንዝ የቀዳችውን ውሃ ይዛ ተቀምጣለች። አስካለ ከምንጩ በእፍኟ ቀድታ ወደ እናቷ አፍ አስጠጋች።

«አንቺ ቅደሚ ልጄ» አለች ደብሪቱ። «ሳትመጪ አልቀምሰውም ብዬ ነው።»

ይኸው ዛሬም ማሽላ ስናጭድ ዳሩን አንነካም፤ የደብሪቱ ዳር እንለዋለን። ወፍ ሲያርፍበት ወንጭፍ የሚያነሳ ካለ፣ «ተው፣ ውሃ ይዘው እየመጡ ነው» ይባላል።