ትል ሊለምን የሄደው ጅብ

አንድ ጊዜ አንበሳ ከእንስሳት ሁሉ መርጦ ጅብን የበግ ጠባቂ አደረገው። ለምን እንደሆነ ጅቡም አልገባውም። «ወይ ጃንሆይ ቀልደዋል፤ ወይ እኔ ተለውጫለሁ» ብሎ አሰበ። ሁለተኛውን ወደደው።

«በጎቹ ክረምቱን ከወጡ እዚሁ ጨፌ ትኖራለህ» ብሎታል አንበሳ። «ካለቁ ግን በዚህ አገር እንዳላይህ።»

ዝናቡ ሲበረታ በጎቹ በሆዳቸው ትል ከሱ። የአንዳንዶቹ መንጋጋ ሥር አበጠ። ቀበሮ በቅል መራራ መድኃኒት ይዛ መጣች።

«አያ ጅቦ፣ ስማኝ። ለታመሙት ሙሉ መጠን ስጥ። ደህናዎቹን ተዋቸው።»

«ከነትላቸው?»

«ከነትላቸው። እነርሱ ሆድ ያለው ትል መድኃኒት አልለመደም፤ ቶሎ ይሞታል። ይኑርና ከመድኃኒቱ ከሚተርፈው ብርቱ ትል ጋር ይዋለድ። ዘሩ እንዳይከፋብህ።»

«ገብቶኛል» አለ ጅቡ። ያልገባው ነገር ሲኖር ሁልጊዜ የሚለው ይህንኑ ነው።

ቀበሮ ስትሄድ ማሰብ ጀመረ፤ ጥፋቱም እዚህ ላይ ነበር። ዕድሜ ልኩን ስግብግብ ሲባል ኖሯል። ዛሬ የሚታደል ነገር እጁ ገባ። ለአንዷ ሰጥቶ ሌላዋን ቢነሳት ምን ይባላል? «ያው ጅብ ነው» ይባላል። ስለዚህ መንጋውን አሰልፎ ለሁሉም እኩል፣ ጉንጭ የማይሞላ፣ አጠጣ።

«እንዲህ ያለ ደግ ጅብ አይተን አናውቅም!» አለች አሮጊቷ በግ።

ሆዱ ሲጮህ እንኳ አልሰማውም። በምስጋና ጠገበ።

በጎቹ ጥቂት አገገሙ። ጅቡም ምስጋናው ሲናፍቀው እንደገና አሰልፎ ያድላል። እንደገናም።

ከዚያ መንጋው ከበፊቱ ብሶ ከሳ። አሮጊቷ በግ ወደቀች። ጅቡ ደንግጦ ሙሉ መጠን አጠጣት። ምንም። ጆሮውን ሆዷ ላይ ለጠፈ።

«ማነህ እዚያ ውስጥ?»

«እኛ ነን፣ ጋሼ» አለ ወፍራም ድምፅ ከውስጥ። «ትሎችህ። በዚያች ጉንጭህ ደካሞቹ ወንድሞቻችን ብቻ አለቁ። ቤቱ ለእኛ ተለቀቀ፤ ወለድን፣ በዛን። ልጆቻችን መድኃኒትህን እንደ ጠላ ነው የሚጠጡት። ዕድሜ ይስጥልን!»

ጅቡ ቀበሮ ዘንድ ሮጠ።

«መላው አንድ ነው» አለች ሳቋን ውጣ። «የኮረብታው በጎች መድኃኒት ቀምሰው አያውቁም። ወርደው ጨፌው ላይ ይጋጡ። ትላቸው ከትልህ ጋር ይዋለዳል፤ ዘሩ ሲለዝብ መድኃኒቱም ይሠራል። ሂድና ለምን።»

ጅቡ በራሱ ላይ እየሳቀ ዳገቱን ወጣ። አባቱም አያቱም በግ ፍለጋ የወጡበት ዳገት ነው። እርሱ ለትል ወጣ።

«ምን ፈለግህ?» አለ አውራው በግ ቀንዱን ቀስሮ።

«ትል፣ ጌታዬ። ሞኝ ሞኝ ትል። በመጀመሪያው ጉንጭ የሚሞት።»

በጎቹ እስኪንከባለሉ ሳቁ። «ሞኝ ከፈለግህ ይህን ሁሉ ዳገት ምን አስወጣህ? እዚያው አንተ ነበርክ!»

«እኔማ ነበርኩ» አለ ጅቡ። «ለመንጋው ግን አልበቃሁም።»

አውራው በግ ሳቁን ገታ። «እንወርዳለን። አንተ ግን ከጨፌው ውጣ። ጅብ ባለበት አንግጥም።»

ጅቡ ቁልቁል አየ። ጨፌው ለምልሟል። ሹመቱ እዚያ ነው፤ ምስጋናውም። በጎቹም እዚያ ናቸው፤ መነሳት አቅቷቸው ተኝተዋል።

ጨፌውን ትቶ፣ ሳይሰናበት በኮረብታው ማዶ ወረደ።

ከዚህ የምንማረው፣ እንድንመሰገን ብለን ለሁሉም በጥቂት በጥቂቱ የምናድለው መድኃኒት ደካማውን ጠላት ገድሎ ብርቱውን እንደሚያረባ ነው።