የመጨረሻዋ ቀረሮ ፍሬዎች

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ ሁለት ዓመት ሙሉ በራቀው ጥቅጥቅ ጫካ ውስጥ እሳት ገባ። ሦስት ቀን ነደደ። በአራተኛው ቀን ጢሱ ሲገፈፍ፣ ከዚያ ሁሉ ረጃጅም ዛፍ ቆማ የተገኘችው በገደሉ አፋፍ ላይ የበቀለች አንዲት ቀረሮ ብቻ ነበረች። እሷም ብትሆን ግንዷ በአንድ ወገን ከስሏል፣ ቅርፊቷ እየተላጠ ይወድቃል። ሆኖም እየሞተችም ቢሆን ፍሬዋን አበሰለች።

ይህችን ዛፍ ከማንም በላይ የምታውቃት ጉሬዛ ናት። የተወለደችው በቀረሮ ላይ ነው፤ የወለደችውም፣ ያሳደገችውም በቀረሮ ላይ ነው። ከእሳቱ የተረፉት አምስት ዘመዶቿም ከዚያችው ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተጨናንቀው ተቀምጠዋል።

አንበሳ የተረፉትን እንስሳት ሰበሰበ።

«ይህች ዛፍ ከእንግዲህ አታፈራም። ዝናቡም ገና ነው። እስከዚያ ዘሯን እንዴት አድርገን እናቆየው?» አለ።

ጉሬዛ ከቅርንጫፏ ወርዳ እጅ ነሳች።

«ጌታዬ፣ የቀረሮ ፍሬ ውኃውን በሆዱ ይዞ ነው የሚወለደው። ውኃው ሲወጣ ነፍሱም አብራ ትወጣለች። ከምንጩ ሥር ያለው ዋሻ አሁንም እርጥብ ነው። እዚያ እናስቀምጠው፣ በእርጥብ ቅጠል እንሸፍነው፣ ተራ ገብተን ውኃ እንርጨው። ዝናብ እስኪመጣ ብቻ!»

ቀበሮ ይህን ሲሰማ ጆሮው ቀጥ አለ። ከእሳቱ ወዲህ በዚያ ዋሻ የሚተኛው እሱ ነበር፤ በአገሩ ከዚያ በቀር ቀዝቃዛ ቦታ አልነበረም። ወዲያው ጉሮሮውን ጠራርጎ ተነሣ።

«እማማ ጉሬዛ ኀዘን አናግሯቸው ነው። ያልደረቀ እህል ጎተራ ይገባል? ይሻግታል እንጂ! አህያ ከቆላ ነው የመጣው፣ እሱ ይመስክር። ወንድሜ አህያ፣ የግራር ዘር የሚቆየው ደርቆ ነው ረጥቦ?»

አህያ መዋሸት አያውቅም።

«ደርቆ ነው። ስንት ዓመት ፀሐይ ላይ ተጥሎ የኖረ የግራር ዘር፣ ዝናብ ሲያገኝ ሲበቅል በዓይኔ አይቻለሁ» አለ።

«ሰማችሁ?» አለ ቀበሮ። «ጥቁሩ አለት ላይ አስጥተን እናድርቀው። ውኃ መሸከም የለ፣ ተራ መግባት የለ።»

«ግራር ግራር ነው፤ ቀረሮ ግን...» ብላ ጉሬዛ ጀመረች።

የሚሰማት ጠፋ። ሁሉም ደክሟቸዋል፣ ሁሉም ተጠምተዋል፤ ውኃ መሸከም የለም የተባለው ቃል ጣፍጧቸዋል። አንበሳም «ይድረቅ!» ብሎ ፈረደ። የቀረሮው ፍሬ ተለቅሞ፣ አህያ ከቆላ ይዞት ከመጣው የግራር ዘር ጎን በጥቁሩ አለት ላይ ተሰጣ። ጅብም አንድ አሮጌ ቁርበት ተሰጥቶት ዘበኛ ሆነ።

በሦስተኛው ቀን ጉሬዛ አፏን ውኃ ሞልታ ወደ አለቱ መጣች። ጅብ ቁርበቱን እያኘከ ከፊቷ ቆመ።

«ወዴት ነው?»

ውኃውን እንዳታፈስ መናገር አልቻለችም፤ በእጇ ፍሬዎቹን አመለከተች።

«እንዲደርቅ ታዟል። የሚያረጥብ ጠላት ነው!» ብሎ ጮኸባት።

ጉሬዛ ደንግጣ ውኃው ከአፏ ፈሰሰ። አለቱም ወዲያው ጠጣው።

«አያ ጅቦ፣ እባክህ አምስት ፍሬ ብቻ ስጠኝ። እሺ አምስቱ ይቅር፣ አንዲት ብቻ!»

«አንዲት ብሰጥሽ ሁለተኛ ትይኛለሽ። እኔም እንደዚያው ስለሆንኩ አውቀዋለሁ» አለ ጅብ፣ በብልሃቱ እየተደሰተ።

እሷም ከሩቅ ተቀምጣ አየች። የፍሬዎቹ ልጣጭ እንደ ቅቤ ያብረቀርቅ ነበር፤ ውሎ ሲያድር ደበዘዘ። ከዚያ ተጨማደደ። ከዚያም ነፋስ ሲያንከባልላቸው ከውስጥ ይንኳኩ ጀመር። ጅብ ድምፁን ሰምቶ «ደርቀዋል! ደርቀዋል!» እያለ የምሥራች ተናገረ። እንስሳቱም አመሰገኑት።

በአርባኛው ቀን ዝናቡ መጣ። እንስሳቱ እየዘለሉ አፈሩን ቆፈሩ፣ ሁለቱንም ዘር ዘሩ። በሳምንቱ ግራሩ ጫፍ ጫፉን አወጣ። የቀረሮው መሬት ግን ዝም አለ። አንድ ሳምንት ጠበቁ። አንድ ወር ጠበቁ። በመጨረሻ ጉሬዛ አፈሩን በጣቷ ምሳ አንዱን ፍሬ አወጣችና ሰበረችው። ውስጡ ጠቁሮ ተኮማትሯል። ሌላ ሰበረች፣ እሱም ያው ነው። ሁሉንም አንድ በአንድ እየሰበረች እስከ መጨረሻው ደረሰች፤ ያስቀረችው የለም።

«አፈሩ ነው የከፋው» አለ ቀበሮ ቀስ ብሎ፣ ወደ ዋሻው እያፈገፈገ።

አህያ ግን አንገቱን ደፍቶ አለቀሰ። «እኔ ያየሁትን ነው የተናገርኩት። ግን ስለማላውቀው ዛፍ ተጠይቄ ስለማውቀው መለስኩ» አለ።

በዚያው ክረምት የቀረሮዋ የከሰለው ግንድ ዝናቡን መሸከም አቃተው፤ ዛፏ ወደ ገደሉ ወደቀች። ጉሬዛዎቹ በመሬት መሄድ አያውቁበትም። ነብር ሁለቱን ያዘ፣ ሦስቱን ረኀብ ወሰዳቸው። ብቻዋን የቀረችው ጉሬዛ ገና ጉልበት በማይደርሰው እሾኻም ግራር ሥር ተቀምጣ ሳለ አንበሳ መጣ። ፊቱ ተለውጧል።

«ተሳስቻለሁ፤ ፍርዴን አንሥቻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ የቀረሮ ዘር በእርጥብ ቦታ ይቀመጥ ብያለሁ» አላት።

ጉሬዛ ቀና ብላ አየችው።

«የቱ ዘር፣ ጌታዬ?»

አንበሳ ዙሪያውን ተመለከተ።

ከዚህ የምንማረው፣ ለአንዱ ሕይወት የሆነው ለሌላው ሞት ሊሆን እንደሚችልና፣ የሚያውቀውን ሳንሰማ የሰጠነውን ፍርድ በኋላ ብናነሣው እንኳ የሞተውን እንደማያስነሣልን ነው።