ጥላ የወደቀበት

«እማዬ፣ ዛፍ የማን ነው? የተከለው ነው ወይስ የተመኘው?» ብላ ብርቄ እናቷን ጠየቀቻት። እናትየው ድሃ ናት። በልብስ እጣቢ ሰባት ዓመት ያሳደገችው ዛፍ ዘንድሮ ሮዝ አበባ አፈንድቶ መንደሩን በመዓዛው አውዶታል።

«የተከለው ነዋ፣ ልጄ» ብላ አፏን ሳትዘጋ፣ ጎረቤቷ ፊታውራሪ ወንድይራድ ሽማግሌዎች አስከትለው በማለዳ ከደጇ ቆሙ።

«ስሚ አንቺ! የዚህ ዛፍ ጥላ ከሰዓት በኋላ የሚወድቀው እኔ ግቢ ነው። ጥላ የወደቀበት ደግሞ ባለቤት ነው። ከዛሬ ጀምሮ ዛፉን ወደ እኔ አጥረዋለሁ!»

ሽማግሌዎቹ የፊታውራሪን ጠጅ የጠጡ ናቸውና «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አሉ።

ሴትዮዋ ዝቅ ብላ እጅ ነሳች።

«ይሁን ጌታዬ፣ ፍርዱን ተቀብያለሁ። አባቶቼም ምስክር ይሁኑኝ። ፀሐይዋ ከኋላዎ ናትና የእርስዎ ጥላ ይኸው እኔ ደጅ ወድቋል። እሰይ፣ ተመስገን! ለዛፌ ውሃ የሚቀዳልኝ ሰው ቸግሮኝ ነበር።»

ሽማግሌዎቹ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ፊታውራሪ ጥላቸውን እያስከተሉ ፈጥነው ሄዱ።

በማግስቱ ጧት ሴትዮዋ ኪዳን አድርሳ ስትመለስ፣ ባዶ እንስራዋን ከፊታውራሪ ደጅ አስቀመጠችላቸው።