ገብስ የማይበላው የገብስ ወዳጅ

በድሮ ዘመን፣ አውሬ ሁሉ ሞፈር ጠርቦ ገብስ በሚዘራበት ዘመን፣ በአንድ ደጋ አገር ሦስት ጎረቤታሞች ነበሩ። አያ ከርከሮ ጉልበተኛ ነው፤ ቶሎ ይቆጣል፣ ቶሎ ይታረቃል። እመት ጃርት ቆጣቢ ናት፤ አንዲት ፍሬ ከአውድማ ብትወድቅባት ተመልሳ ታነሳለች። እመት ቆቅ ደግሞ ደሃ ናት። መሬት የላት፣ በሬ የላት፤ ያላት ልጅ ብቻ ነው። ልጅስ አላት! ቤቱ ጫጩት በጫጩት ነው።

ታዲያ ቆቅ በምን ትኖር ነበር? በዚያ አገር አንድ ደግ ወግ ነበር፣ ልጆቼ። ክረምት ሲገባ የገብሱ አረም የሚታረመው በደቦ ነው። ገብሱ የባለማሳው ነው፤ የተነቀለው አረም ግን የነቃዩ ነው። ቆቅ ጫጩቶቿን አስከትላ ስታርም ትውላለች። የአረሙን ፍሬ ትለቅማለች፣ ከሥሩ የወጣውን ትል ትለቅማለች፣ ማታ ጠግበው ይገባሉ።

ድንበሩ ላይ የበቀለውን ረጅም ሣር፣ ሙጃውን ግን ማንም አይነካውም። እሱ የቆቅ ቤት ነው። ጭልፊት ሲያንዣብብ ቆቅ "እሽ!" ትላለች፤ ጫጩቶቹ ከሙጃው ሥር ገብተው ጸጥ ይላሉ።

አንድ ቀን አያ ቀበሮ መጣ። በአንድ ትከሻው ቅል ሙሉ ውሃ፣ በአንድ ትከሻው ከረጢት ሙሉ ዘር አንጠልጥሎ መጣ። አፉ ማር ነው።

"አያ ከርከሮ፣ ወገብህ እንዴት ነው?"

"ተወኝ እባክህ! ከአረም ስመለስ ቀና ማለት አቃተኝ።"

"አይዞህ! ይህ ውሃ ያረፈበትን ለምለም ሁሉ ያከስላል። ይህ ዘር ብቻ አይፈራውም፤ እንዳይፈራው አድርጌ እኔው ሠርቼዋለሁ። ዝራ፣ እርጭ፣ ተኛ!" አለና ዘፈነ፦

"ጎንበስ ማለት ቀረ፣
ወገብ ማመም ቀረ፣
ቀበሮ መጣላችሁ፣
አረም ተቀበረ!"

ከርከሮ ወገቡን እያሸ "እሰይ!" አለ።

ቀበሮ ወደ እመት ጃርት ሄደ። "የኔን ወገብ ተወው" አለችው ጃርት። "እኔን የሚያንገበግበኝ ለደቦው የምጠምቀው ጠላ ነው። አንዳንዱ እኮ ከማረሙ መጠጣቱ ይበልጣል!"

"ደቦ ከሌለ ጠላ የለ፣ እመት ጃርት።"

"እሰይ! ያስቀመጥኩትን ዘርስ ምን ላድርገው?"

"ቀቅለሽ ብዪዋ! አሮጌ ዘር ምን ያደርግልሻል?" አለና ያንኑ ዘፈን ዘፈነላት።

ያቺ ለአንዲት ፍሬ የምታጎነብስ ጃርት፣ ዘሯን ንፍሮ አድርጋ በላችው! ለከርከሮም ላከችለት፤ እሱም አይቶ የራሱን ቀቀለ። ብልህ ሲታለል እንዲህ ነው፤ ሙልጭ ብሎ ነው።

በመጨረሻ ቀበሮ ቆቅን አገኛት። "አንቺስ፣ እመት ቆቅ?"

"እኔ መሬት የለኝ፣ ዘር ምን ያደርግልኛል?"

"ልጆችሽ እንዴት አምረዋል! ስንት ናቸው?"

"ልጅ አይቆጠርም" አለች ቆቅ፤ ልጆቿን ሰብስባ ሄደች።

በዚያ ክረምት ማሳው ጥርት አለ። ገብስ ብቻ፣ ገብስ ብቻ! ከርከሮ ተኛ፣ ጃርት የጠላ ጋኗን ደፋች። ቆቅ ግን ልጆቿ ራባቸው። ከርከሮ ደጃፍ ሄደች፦ "የሚታረም አለ?" "የለም።" ጃርት ደጃፍ ሄደች፦ "የሚታረም አለ?" "የለም።" ንቦቹ ዘንድ ሄደች፦ "እናንተስ ምን ቀመሳችሁ?" "ምን አበባ አለና! እኛም አገር ልንለቅ ነው" አሏት። ሄዱም። እሷ ግን ያንን ሁሉ ጫጩት ይዛ የት ትሂድ? ድንበር ላይ በቀረችው ሙጃ ውስጥ ተጠጋች።

ዓመት ዞረ። ከርከሮ ካመረተው ገብስ ዘር አስቀርቶ ዘራ። በቀለ፣ አደገ፣ ዛላ አወጣ። ዛላውን ቢፈለፍለው ባዶ! የጃርትንም ቢያየው ባዶ! እየሮጠ ቀበሮ ዘንድ ሄደ።

"የኔ ዘር አንዴ ነው የሚያፈራው" አለ ቀበሮ እየተንጠራራ። "በየዓመቱ ከኔው ትወስዳላችሁ።"

"እባክህ ስጠኝ፣ ልጆቼ ራባቸው።"

"እሰጥሃለሁ፤ ለጃርትም እሰጣለሁ። አንዲት ነገር ብቻ አድርግልኝ። ድንበሩ ላይ አንዲት ሙጃ ቀርታለች፤ ሳያት ዓይኔን ትወጋኛለች። ከውሃዬ ርጭ አድርግባት።"

ከርከሮ ቅሉን ይዞ ሄደ። ቆቅ ክንፏን ዘርግታ ከሙጃው ፊት ቆመች።

"አያ ከርከሮ፣ ልጆቼ ከውስጥ ናቸው።"

ከርከሮ እንባው መጣ። "የኔም ልጆች ቤት ናቸው፣ እመት ቆቅ። ዘር ካላገኘሁ ምን ላብላቸው?"

"እውነትህን ነው፤ አልፈርድብህም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ቀበሮ ገብስ ሲበላ አይተህ ታውቃለህ?"

ከርከሮ አሰበ። ማሰብ አይወድም፤ ግን አሰበ። "አላየሁም" አለ።

"ታዲያ ገብስ ለማይበላ፣ የገብሳችን ነገር እንቅልፍ የነሳው ለምንድን ነው?"

ከርከሮ ቅሉን መሬት አስቀመጠና ጃርትን ጠራት። ጃርት ይህን ስትሰማ የቀራትን በሶ ሁሉ ሳትሰስት በውሃ ለወሰች፤ አጥብቃ አሸችው። ከዚያ ቀበሮን እሙጃው ዳር ጋበዙት።

"ገብሳችንን ቅመስልን፣ አያ ቀበሮ!"

"ጠግቤአለሁ።"

"በሞቴ!" አለ ከርከሮ፤ ትልቅ ጉርሻ አጎረሰው። ቀበሮ ጉንጩ ተነፋ።

"አንድ ጉርሻ ያጣላል!" አለች ጃርት፤ ሁለተኛውን ደገመችው። ቀበሮ ዓይኑ አለቀሰ።

"የኔንም ከደሃ እጅ አትናቅብኝ!" አለች ቆቅ፤ ሦስተኛውን ጨመረችለት። ይሄኔ ከሙጃው ውስጥ አንዲት ትንሽ ጫጩት "ጪጵ" አለች። የቀበሮ ጆሮ ቆመ፣ ምራቁ ተዝረበረበ፤ በሶውን ሁሉ እንትፍ ብሎ ወደ ሙጃው ዘለለ!

ለካስ የሙጃው ነገር ይሄ ነው! አረሙ ሁሉ ካለቀ ጫጩት የት ይደበቃል?

ጃርት እሾኋን አቆመች፣ ከርከሮ በክራንቻው አንስቶ ወረወረው። ቀበሮ የወደቀው በገዛ ቅሉ ላይ ነው። ቅሉ ተሰበረ፣ ውሃው ጅራቱን ነካው፣ ጅራቱ ከሰለ። እየጮኸ ከአገር ጠፋ። የደጋ ቀበሮን እስከ ዛሬ እዩት፤ የጅራቱ ጫፍ ጥቁር ነው።

እሱ የዘለለበት ሙጃ ተከፍሎ ነበርና ጃርት ወደ ውስጥ አየች። በአረሙ መሃል ገብስ ቆሟል! ማንም አልዘራው፤ ጫጩቶቹ በደጉ ጊዜ ለቅመው የጣሉት፣ የድሮው ገብስ ነው። ዛላው ፍሬ ከብዶት አንገቱን ደፍቷል። ጃርት ቁጭ ብላ አለቀሰች።

"እመት ቆቅ፣ ከደጄ አሳፍሬ መልሼሻለሁ። ግን ዘር ስጪኝ።"

"ዘር ይከለከላል እንዴ? ውሰጂ እንጂ" አለች ቆቅ። "አንቺም ውሰጂ፣ አያ ከርከሮም ይውሰድ።"

ያቺን እፍኝ ዘሩ። በመጀመሪያው ዓመት ያገኙት ትንሽ ነው፤ ተራቡም። በሚቀጥለው ጥቂት ጨመረ፤ ከዚያ ጎተራው ሞላ። አረሙም አብሮ በቀለ። የከርከሮ ወገብ ታመመ፣ ጃርት ጠላ እየቀዳች አጉረመረመች፣ ንቦቹ ወሬ ሰምተው ተመለሱ። የድንበሩ ሙጃም ሰፋ ተደርጎ ለቆቅ ተተወላት። በደቦው ላይ ከሁሉ ፊት የምትሄደው፣ የምታዘፍነውም እሷ ሆነች።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ሸክማችሁን ላቅልል የሚላችሁ ሲመጣ አትስደቡት፤ ደግ ሊሆን ይችላል። ግን ሸክሙን ከማውረዳችሁ በፊት "አንተ ለመሆኑ እራትህ ምንድን ነው?" በሉት። ዘራችሁን ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ማንም ስላባበላችሁ አትቀቅሉ።

እኔ ተረቴን አጨድኩላችሁ፤ ውቂያው የናንተ ነው።