በጊት የጎረቤቷን እሾህ የሳበች ዕለት

አንድ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ወንዝ ዳር ባለ መስክ ላይ አንዲት በግ ከሁለት ግልገሎቿ ጋር ትኖር ነበር። ከአጥሯ ማዶ ያለችው ጎረቤቷ አህዪት ናት። የአህዪትን ባል ክረምት ላይ ጎርፍ ወስዶባታል፤ የቀራት አንድ ውርንጭላ ነው። የዚያ መስክ እንስሳት ታዲያ አንድ ደንብ ነበራቸው፦ ጎረቤት በሩን በእሾህ ከዘጋ ያንን እሾህ ማንም አይነካም። ከእሾሁ ወዲያ ያለው የባለቤቱ ጉዳይ ነው።

አህዪት ጎህ ሲቀድ ትወጣለች፣ ከተራራው ወገብ ሣር ተሸክማ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ትመለሳለች። ርቦት የዋለው ውርንጭላ ሮጦ እግሯ ሥር ሲገባባት ትረግጠዋለች። ጩኸቱ አጥሩን አልፎ በጊት ጆሮ ይደርሳል። በጊት ግን ግልገሎቿን ወደ ጉያዋ ሰብስባ «የሌላ ቤት ነው፣ እኔ ምን አገባኝ» ትልና ታመነዥካለች።

አንድ ጠዋት ውርንጭላው እያነከሰ ወንዝ ወረደ።

«ምን ሆነህ ነው የኔ ዓለም?» አለችው በጊት።

«ወደቅሁ።»

«የት?»

ወደ ውሃው ጎንበስ ብሎ፣ «እናቴ ደክሟት ነው» አላት።

በጊት ያን ቀን ሣሯን ተወችው። ሄዳ ለእንስሳቱ ሁሉ ተናገረች። ወዲያው ቁጣ ሆነ።

«እሷ ደግሞ እናት ናት? ከእንግዲህ ከኛ ጋር ውሃ እንዳትጠጣ!» ብሎ ጮኸ ሽማግሌው በሬ። «ሰላምታም እንዳትሰጧት!»

ሁሉም ተስማሙ። ፈርደው ወደየቤታቸው ገቡ። ለውርንጭላውስ ምን እናድርግለት ያለ ግን አንድም አልነበረም፤ ይሄን ልብ በሉልኝ።

አህዪት ውሃ ፍለጋ ሩቅ ምንጭ ድረስ መሄድ ግድ ሆነባት። ከበፊቱ ዘግይታ፣ ከበፊቱ ደክማ ትመለስ ጀመር። ርግጫውም ባሰ።

ብቻዋን መቅረቷን ማን ሰማ? አያ ጅቦ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ በጊት አጥሩ ሥር ሣር ስትነጭ የጅቡን ድምፅ ሰማች።

«እመት አህዪት፣ ሸክም በዝቶብሻል አሉ። ልጁን እኔ ላሳድግልሽ። ለመሆኑ ጎኑ ላይ ሥጋ... እ... ጤናው ደህና ነው?»

«ከሲታ ነው።»

«ግድ የለም፣ አጥንትም እወዳለሁ። ማለቴ ልጅ እወዳለሁ!»

በጊት ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። አህዪት ግን አልሳቀችም። «እኔ ዘንድ ቢቀርም በኔው እግር ሊሞት ነው» አለች። «ነገ ቀትር ላይ ና፣ ውሰደው።»

ጅቡ ሲሄድ በጊት ወደ አህዪት ደጅ ሄደች። እሾሁ ተዘግቷል። ደንቡ ደንብ ነውና ልትመለስ ዞር አለች። ከውስጥ ውርንጭላው ሲንሰቀሰቅ ሰማች። ያን ጊዜ እሾሁን በአፏ ነክሳ ጎተተችው፤ ከንፈሯ ደማ።

«ማን ክፈቺ አለሽ?» አለች አህዪት። «ደግሞ ልትፈርጂብኝ ነው?»

«ፈርጄብሻለሁ እኮ። ፈርጄም ቤቴ ገባሁ፤ ጥፋቴ እሱ ነው። አሁን ስሚኝ እህቴ። ልጁን መርገጥሽ በደል ነው፣ አላባብልሽም። ከዛሬ ጀምሮ ከኔ ግልገሎች ጋር ይውላል። አንቺም ሣር ልታመጪ ብቻሽን አትሄጂም።»

አህዪት ጆሮዋን ጥላ አለቀሰች። «ስናደድ ዓይኔ አያይም እኮ» አለች።

«እንግዲያው ሲመጣብሽ፣ እግርሽ ሳይነሳ ጥሪኝ። ምንም ሥራ ላይ ብሆን እመጣለሁ።»

በጊት በዚያው ቤት ለቤት ዞራ የጅቡን ነገር ለሁሉም ነገረች። ሽማግሌው በሬ ሲሰማ አፈረ።

በማግስቱ ቀትር ላይ ጅቡ አፉን እየላሰ መጣ። በአህዪት ደጅ የመስኩ እንስሳ ሁሉ ተሰብስቧል። በሬው የአህዪትን ሣር በጀርባው አምጥቶ፣ ቀንዱን ወደ መንገዱ አዙሮ ቆሟል።

«አያ ጅቦ፣ ምን ፈልገህ ነው?» አለችው ከመሃላቸው አንዲት ቀበሮ።

«ልጅ ላሳድግ።»

«እንዴት ያለህ ደግ ነህ! ምን ልታበላው አሰብህ?»

ጅቡ አሰበ፣ አሰበ። «እኔ እንኳ ያሰብኩት የራሴን ምሳ ብቻ ነበር» አለ። በሬው ቀንዱን ሲነቀንቅበት ጅራቱን ወትፎ ሮጠ።

አህዪት በአንድ ቀን አልተለወጠችም፤ እንዲህ ያለ ነገር ቶሎ አይለቅም። ውርንጭላውም እናቱ በተነቃነቀች ቁጥር ይሸማቀቅ ነበር። ወር ሳይሞላ ግን፣ በጊት ግልገሎቿን እያጠባች ሳለ ከአጥሩ ማዶ ጩኸት ሰማች።

«እህቴ! ነይልኝ፣ መጣብኝ!»

ድምፁ የውርንጭላው አልነበረም፤ የእናቱ ነበር። በጊት ግልገሎቿን ከጡቷ አላቃ ሮጠች። ስትደርስ አህዪት አራት እግሯን መሬት ላይ ተክላ፣ ልጇን ሳትነካ ቆማ ትጠብቃት ነበር።

ከዚህ የምንማረው የጎረቤት ልጅ ሲያለቅስ ሰምቶ ዝም ማለትም ሆነ እናቱን ኮንኖ ብቻዋን መተው ልጁን እንደማያድነው፣ የሚያድነውም ደጁን አልፈን ገብተን ልጁን ከርግጫ ስናስጥልና የእናቱንም ሸክም አብረን ስናነሳ መሆኑን ነው።