እንቅልፍ የጠገበው መዝገብ

ከጅቡቲ ዕቃ ጭኖ የመጣ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ሰመራ ሲደርስ ዓይኑ በርበሬ መስሎ ነበር። እዚያ የጠበቁት የመኪናው ባለቤት አቶ ይርዳው ደግሞ እረፍት የሚባል ነገር ሲሰሙ ያማቸዋል።

«ጋሼ፣ ደንቡ ስምንት ሰዓት ተኛ ይላል፤ ጋደም ልበል» አላቸው።

«ደንቡ የሚያየው መዝገቡን እንጂ አንተን መሰለህ?» አሉና የጉዞ መዝገቡን ነጥቀው «ስምንት ሰዓት ተኝቷል» ብለው ጻፉበት። «በል ንዳ! እኔም አብሬህ አዲስ አበባ እገባለሁ» ብለው ጋቢና ወጡ።

ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቶ ነዳ። ሚሌን ሳያልፉ ግን አዛጋ፤ ደግሞ አዛጋ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲያዛጋ ዓይኑ ክድን አለና መኪናው ከአስፋልቱ ከመውጣት ለጥቂት ተረፈ።

«ኧረ በልጆችህ! ኧረ አቁም!» ብለው አቶ ይርዳው ዳሽቦርዱን አቅፈው ጮኹ።

ሾፌሩ ዳር ይዞ አቆመና ሞተሩን አጠፋ። ከዚያ መዝገቡን አንስቶ መሪው ላይ በክብር አስቀመጠውና ከወንበሩ ጀርባ ወዳለችው መኝታ ተሻገረ።

«ምን ልትሆን ነው? መኪናውን ማን ሊነዳው?» አሉ፣ ትንፋሻቸው ሳይመለስ።

ሾፌሩ ጋቢውን እየተከናነበ፣

«ስምንት ሰዓት ሙሉ የተኛው እሱ ነው፤ እሱ ይንዳዎት እንጂ ጋሼ!»